ኮምፒዩተር ሲታደስ ድምፁ ለምን ይጠፋል?



አሮጌውን ትቶ ወደ አዲሱ መሻገር የዘመናችን ሰው ሁሉ ምኞት ነው። ነገር ግን መሰናዶ ያልቀደመው መሻሻል ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ተማሪዎችን ሲያስቸግር አይቻለሁ። ይኸውም የኮምፒዩተር ዊንዶውስ በአዲስ ከተለወጠ በኋላ ድምፅ የመጥፋቱ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻግረዋል። ከተሻገሩት መካከል የአንዳንዶቹ ኮምፒዩተር እንደ ቀድሞው ይጽፋል፣ ያሰላል፣ ሥዕል ያሳያል፤ ዳሩ ግን ዲዳ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ አንዱ «ስፒከሩ ተቃጥሏል» ይላል። ሁለተኛው «አርጅቷል፤ ይጣል» ብሎ ይፈርድበታል። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ጥገና ቤት ወስዶ ፎርማት ያስደርገውና ያጠራቀመውን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ሁሉ ያጣል። በእኔ አስተያየት ሦስቱም ሳይመረምሩ የፈረዱ ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። ይህ ዕቃና ዊንዶውስ በቀጥታ አይግባቡም፤ በመካከላቸው ሆኖ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያስረዳ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። እንግዲህ ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው። ዊንዶውሱ ሲለወጥ አሮጌው አስተርጓሚ ከአዲሱ ጋራ ሳይስማማ ይቀራል፤ ወይም ቦታው በማይመጥን በሌላ አስተርጓሚ ይያዛል። ተናጋሪው ሳይታመም፣ ሰሚውም ሳይደነቁር ንግግሩ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ የድምፁ አሠራር ከመሠረቱ ስለ ተለወጠ፣ ቀድሞ በደኅና ይሠሩ የነበሩ የድምፅ ካርዶች ለባለቤቶቻቸው ችግር ሆነው ነበር። በ2024 መጨረሻም 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም፣ ዲራክ የሚባል የድምፅ ማሻሻያ ፕሮግራም ባለባቸው አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ድምፅ አጠፋ። ማይክሮሶፍትም ችግሩን ራሱ አስታውቆ፣ የተስተካከለ ድራይቨር እስኪዘጋጅ ድረስ እትሙ ለእነዚያ ኮምፒዩተሮች እንዳይሰጥ አገደ። ይህ የሚያስተምረን የድምፅ መጥፋት ሁልጊዜ የዕቃው ማርጀት ወይም የተጠቃሚው አለማወቅ አለመሆኑን ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ድምፅ ቢጠፋ ዘፈን ይቀራል እንጂ ትምህርት አይቀርም» ይል ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከእኛ ጋራ የሚማሩ ዐይነ ስውራን ጓደኞች አሉን። እነርሱ ኮምፒዩተር የሚጠቀሙት በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ አንዱ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ የተባሉ ሁለት ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የደከሙበት ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. ነው፤ ሥራው በ2006 የተጀመረ ሲሆን ለማንም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ድምፅ ሲጠፋ ለእኔ የጠፋው ሙዚቃ ነው፤ ለጓደኛዬ ግን የጠፋው መጽሐፉና ደብተሩ ነው። ከዚያም የከፋው፣ ጉድለቱን የሚያስታውቀው ምልክትም የሚነበብለት በድምፅ ስለ ሆነ ራሱ ፈልጎ ሊያርመው አይችልም። አንድ የጋራ የኮምፒዩተር ክፍል በክረምት ታድሶ መስከረም ሲከፈት ድምፅ አልባ ሆኖ በመገኘቱ፣ ዐይናሞቹ ሥራቸውን ሲቀጥሉ ዐይነ ስውራኑ ለብዙ ሳምንታት በር ላይ ሲመለሱ አይቻለሁ። የተበላሸ ዕቃ ግን አልነበረም፤ የጎደለው ድራይቨር ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ወደ ሌላ መውጫ፣ ለምሳሌ ስፒከር ወደሌለው ስክሪን ተመርቶ እንደ ሆነ ማየት ነው። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን ገጽ መክፈት ነው። በዚያ ከአንድ ዕቃ ስም አጠገብ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ከታየ አስተርጓሚው ጎድሏል ማለት ነው። ዕቃው ስሙ ባይታወቅ እንኳ የሠሪውን ማንነት የሚገልጽ መለያ ቁጥር አለው። የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ ይህም ኩባንያው በ1978 ያወጣው የዝነኛው ፕሮሰሰር መጠሪያ ነው። ቀጥሎ የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው አንብቦ ከሠሪው ኩባንያ ድረ ገጽ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን ድራይቨር ማውረድ ነው። «ድራይቨር ሁሉ እናገኛለን» እያሉ ገንዘብ ከሚጠይቁና ቫይረስ ሊያስገቡ ከሚችሉ ገጾች መራቅ ይገባል። አዲሱ ድራይቨር ካልተስማማና የቀድሞው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለ ወደ እርሱ መመለስ ይቻላል። ወደ ዊንዶውስ 11 የተሻገረም ሰው የቀድሞ ፋይሎቹን ካላጠፋ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ዊንዶውስ መመለስ ይችላል። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ ሄድፎን ብዙ ጊዜ የተለየ ድራይቨር ሳይጠይቅ ይሠራልና ለዐይነ ስውር ተማሪ ፈጥኖ ደራሽ ነው።

ይሁን እንጂ ከመድኃኒቱ ጥንቃቄው ይበልጣል። ዊንዶውስ ከመለወጡ በፊት የሚሠራውን ድራይቨር በፍላሽ መገልበጥ፣ የኮምፒዩተሩን ሞዴል በወረቀት መጻፍ፣ አዲሱንም ድራይቨር አስቀድሞ አውርዶ ማስቀመጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው። የኔትወርኩም ድራይቨር አብሮ ሊጎድል ስለሚችል፣ ከተሻገሩ በኋላ አወርዳለሁ ማለት ውኃ ጥም ከያዘ በኋላ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው።

«እንዲህ ከሆነስ በአሮጌው መቆየት አይሻልም?» የሚሉ አሉ። አይሻልም። የጥበቃ እርማት የማይደርሰው ዊንዶውስ አዲስ የሚገኙ ቀዳዳዎቹ ስለማይደፈኑ ለሌባ የተከፈተ ቤት ይሆናል። «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚሉም አሉ። ባለሙያን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጠጋኝ በሌለበት ቦታ ሁሉ ኮምፒዩተር አለ። እኛም ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየገጠሩ የምንሠማራ ነን። የኮምፒዩተርን ታሪክና የክፍሎቹን ስም እያጠናን ለፈተና ከምንደክመው ጥቂቱ ጊዜ ለእንዲህ ያለው ምርመራ ቢሰጥ ዕውቀታችን ፍሬ ያፈራል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። የጋራ የሆነ ማንኛውም ኮምፒዩተር ድራይቨሩ ሳይሰናዳ አይታደስ። አስቀድሞ በአንዱ ላይ ተሞክሮ ድምፁ ከተሰማ በኋላ ወደ ሌሎቹ ይታለፍ። «ተጠናቋል» የሚለውንም ቃል የሚናገረው ያደሰው ሰው ብቻ አይሁን፤ አንድ ዐይነ ስውር ተማሪ ተቀምጦ ሠርቶበት «ይሰማል» ይበል። እናንተም ውድ ጓደኞቼ፣ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ዲዳ የሆነ ኮምፒዩተር ብታገኙ ከመጣሉና ፎርማት ከማድረጉ በፊት አስተርጓሚው እንዳለ መርምሩለት። መሻሻል መሻሻል የሚባለው ትናንት አብሮን የነበረውን ሰው ከኋላ ሳይተው ወደ ፊት ሲሄድ ነው።