ከቤት ሆኖ ለመሥራት የድምፅ መሣሪያ ስንመርጥ

ሥራ ሲባል ማለዳ ከቤት ወጥቶ ማታ መመለስ ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በስልክና በኮምፒዩተር መሰብሰብን ለመዱ፤ ልምዱም ከበሽታው በኋላ ቀጥሏል። ዛሬ ሐረር ተቀምጣ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ሒሳብ የምትሠራ ወይም ሰነድ የምትተረጉም እናት ብትኖር አያስገርምም።

ከቤት የምትሠራ እናት ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠበቅባታል። ድምፅዋ ለሥራ ባልደረቦቿ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት፤ እርሷም የልጅዋን ልቅሶ መስማት አለባት። «አይሰማም፣ ድገሚው» ሲባልባት የምትውል ሠራተኛ፣ ሥራዋን ጠንቅቃ ብታውቅም እንደማታውቅ ልትቆጠር ትችላለች። በመሆኑም የድምፅ መሣሪያ ምርጫ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከግዥው በፊት ቦታ መምረጥ ይቀድማል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሠፈረው ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ዳር፣ መስኮት ከፍቶ መነጋገር ጫጫታውን ለተሰብሳቢው ማካፈል ነው። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የውጭውን ድምፅ ያግዳል፤ ነደባው ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍና ትራስም የገደል ማሚቶውን ይውጣል። ሆኖም ግድግዳው የሞባይል ኔትዎርክንም ስለሚያደክም አስቀድሞ ደውሎ መሞከር ይበጃል። ወለሉ ሴራሚክ በሆነ አዲስ ቤት የሚኖሩ እህቶች ደግሞ ምንጣፍ ቢያነጥፉና ወፍራም መጋረጃ ቢሰቅሉ ድምፃቸው አያስተጋባም።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፣ የማይክሮፎኑ ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ርቆ ከተቀመጠ ውድ ማይክሮፎን ይልቅ ከአፍ ጥግ ሁለት ሦስት ጣት ርቆ የሚቆም ርካሽ ማዳመጫ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ትንፋሽ እንዳይመታው ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይደረግ።

ሁለተኛ፣ የመሰኪያው ጫፍ ይታይ። በስልክ ማዳመጫ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮፎን አለው፤ ሁለት ቀለበት ያለው ለማዳመጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ብሉቱዝ ከሽቦ ነፃ ቢያደርግም በስብሰባ መካከል ቻርጁ ሊያልቅ ይችላል። ባለ ሽቦው ይህ ሥጋት የለበትም፤ መብራት በጠፋ ቀን ዋጋው ይታወቃል።

አራተኛ፣ «ጫጫታ ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ጫጫታውን የሚያጠፋው ለአድማጩ ጆሮ ብቻ ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ በማይክሮፎኑ በኩል ለሌሎቹ መድረሱ አይቀርም። ስለሆነም ማይክሮፎኑም ጫጫታ የሚቀንስ መሆኑን መጠየቅ ያሻል። ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ የሕፃኑን ልቅሶም ይደፍናል። ሕፃን ላላት እናት በአንድ ጆሮ ብቻ የሚደረገው ዓይነት ይመረጣል።

የጆሮ ጤናም አይዘንጋ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፍ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2011 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ፣ ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል፣ ለሕፃናት ደግሞ ከ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ተመክሯል። ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፅ ከመጨመር ቦታ መቀየር ይሻላል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ማዳመጫውን ስልክ ላይ ሰክቶ የራስን ድምፅ መቅዳትና ማዳመጥ፣ ከሻጩ ምስክርነት የበለጠ ማረጋገጫ ነው።

በመጨረሻም፣ መሣሪያ ብቻውን ጸጥታ አይፈጥርም። የስብሰባው ሰዓት ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይነገር። በዚያ ሰዓት ባል ሕፃኑን ቢይዝ፣ ትልልቆቹ ልጆች ቴሌቪዥኑን ዝቅ ቢያደርጉ፣ የእናት ሥራ ሥራ መሆኑን በተግባር መሰከሩላት ማለት ነው።