መዝሙር፣ ዝምታና አርበኝነት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 በሳን ዲዬጎ ከተማ በተካሄደ የአሜሪካ እግር ኳስ የቅድመ ውድድር ጨዋታ ላይ የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ተጫዋች ኮሊን ካፐርኒክ ብሔራዊ መዝሙሩ ሲሰማ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ቀደም ባሉት ጨዋታዎች መዝሙሩን ተቀምጦ ነበር ያሳለፈው፤ ምክንያቱም በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን ጭቆናና የፖሊስ ግፍ መቃወም እንደሆነ ገልጿል። ከመቀመጥ ወደ መንበርከክ የተሸጋገረው እንዲሁ በድንገት አይደለም። የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደርና ተጫዋች ኔት ቦየር ካነጋገረው በኋላ፣ ወታደሮች በወደቀ ጓዳቸው መቃብር ፊት የሚንበረከኩበትን ሥርዓት በመከተል ነበር። ቦየርም በዚያ ምሽት እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ከጎኑ ቆሟል።

ይህ ዝርዝር በኋላ በተነሣው ክርክር ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ድርጊቱ ለወታደሮች ክብር ሲባል ከወታደር ጋር ተመክሮበት የተመረጠ ሆኖ ሳለ፣ ወታደሮችን እንደ መዝለፍ ተቆጠረ። በ2017 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የቡድን ባለቤቶች እንዲህ ያሉ ተጫዋቾችን እንዲያባርሩ በአደባባይ ጠየቁ። በ2018 ሊጉ በሜዳ ላይ የተገኘ ሁሉ እንዲቆም፣ መቆም የማይሻ በመልበሻ ክፍል እንዲቀር የሚያዝ ደንብ አወጣ፤ የተጫዋቾች ማኅበር አቤቱታ በማቅረቡ ግን ደንቡ ሳይተገበር ታገደ። ተቃውሞውን ከእይታ መሰወርና ለአገር ክብር መስጠት አንድ ነገር ናቸው የሚለው እሳቤ ከደንቡ በስተጀርባ በግልጽ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፤ በመዝሙር ጊዜ መቆም የአገር ፍቅር ምልክት ሊሆን የሚችለው አለመቆምም የሚቻል ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ የኢራን ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ሁኔታ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ኖቬምበር 21 ቀን 2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ ከእንግሊዝ ጋር ከመጋጠማቸው በፊት ተጫዋቾቹ መዝሙራቸውን ሳይዘምሩ ቆሙ። በአገራቸው በማሕሳ አሚኒ ሞት ምክንያት የተቀሰቀሰው ተቃውሞ በተጋጋለበት ሰሞን ስለነበር የዝምታቸው ትርጉም ለማንም አልተሰወረም። ከአራት ቀን በኋላ ከዌልስ ጋር ሲጋጠሙ ግን ዘመሩ። ተመልካቹ ከዚህ ሁለተኛው ዝማሬ ምን ተረዳ? ሐሳባቸውን ለውጠው ይሁን፣ ፈርተው ይሁን፣ ለቡድኑ ሰላም ብለው ይሁን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። የመጀመሪያው ዝምታ መልእክት ነበረው፤ ዝማሬው ግን መልእክት አልባ ሆነ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ የቀረበለት ቀደም ብሎ ነው። በ1940 የይሖዋ ምስክሮች ልጆች በትምህርት ቤት ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይቻላል ሲል ወስኖ ነበር፤ በ1943 ባርኔት በሚባለው የዌስት ቨርጂኒያ ጉዳይ የራሱን ውሳኔ ሻረ። ልብ ሊባል የሚገባው ጊዜው ነው። የአገሪቱ ወጣቶች በዚያው ሰንደቅ ዓላማ ሥር በጦር ግንባር በተሰለፉበት ዓመት ፍርድ ቤቱ መንግሥት ዜጋን ለምልክት በግድ ሰላምታ ማሰጠት አይችልም አለ። ይሁን እንጂ ውሳኔው የሚያስረው መንግሥትን እንጂ የግል አሠሪን አይደለም። ካፐርኒክ የወደቀው በዚሁ ክፍተት ነው። ከ2016 የውድድር ዘመን በኋላ የቀጠረው ቡድን የለም፤ የቡድን ባለቤቶች ተመሳጥረው አግልለውኛል ሲል ያቀረበው አቤቱታም በ2019 ዝርዝሩ ባልተገለጸ ስምምነት ተቋጨ።

በአማርኛ ሲታሰብ ጉዳዩን የሚያከብደው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እርሱም ቃሉ ነው። «ፓትሪዮቲዝም» ዘወትር «አርበኝነት» ተብሎ ይተረጎማል። አርበኛ የሚለው ስም ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የኢጣሊያን ወረራ ከታገሉት ጋር ተቆራኝቷል፤ ተቃራኒውም ባንዳ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለሦስተኛ ሰው ስም አልተተወም። ፈይሳ ሌሊሳ በኦገስት 2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ በኦሮሚያ የነበረውን ግድያ በተቃወመ ጊዜ ይህ የቃላት እጥረት ጎልቶ ታይቷል። የእርሱ ድርጊት በመዝሙር ጊዜ የተፈጸመ አይደለም፤ የሚያስነሣው ጥያቄ ግን ያው ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ቆይቶ በኦክቶበር 2018 ተመልሷል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተለወጠው መንግሥት እንጂ የሯጩ የአገር ፍቅር መጠን አይመስልም። «አገር ወዳድነት» የሚለው ቃል ለዚህ ዓይነቱ ሰው የተሻለ ቦታ ይሰጣል፤ የሚወድ ሰው ይቆጣልና።

የሜክሲኮ ሲቲው የ1968 ኦሎምፒክ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በ200 ሜትር አንደኛና ሦስተኛ የወጡት ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የአሜሪካ መዝሙር ሲሰማ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን አንሥተው አንገታቸውን ደፉ፤ ከጨዋታውም ተባረሩ። በዚያው ሰሞን የቼኮዝሎቫኪያዋ ጂምናስት ቬራ ቻስላቭስካ የሶቪየት መዝሙር ሲሰማ ፊቷን አዞረች። አገሯ በሶቪየት ታንክ ከተወረረች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ቻስላቭስካን አገር ወዳድ ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ጀርባ የሰጠችው ለወራሪ መዝሙር ነውና። የስሚዝና የካርሎስ ከባድ የሚሆነው የገዛ አገራቸውን መዝሙር በመሆኑ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ የቆመለት የንጉሡ ዘመን መዝሙር ነበር፤ በ1980 በሞስኮ ሁለት ወርቅ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር የደርግን፣ በ1996 በአትላንታ ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሁኑን ሰሙ። ሦስት መዝሙር፣ አንድ አገር። መዝሙርን መንቀፍ አገርን መንቀፍ ነው የሚል ሰው የትኛውን መዝሙር እንደሚል ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የተቃራኒው ወገን ሐሳብ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ ሁሉም አብሮ የሚቆምባት አንዲት ደቂቃ ብርቅ ናት፤ እያንዳንዱ የየራሱን ብሶት ካስገባባት የጋራ የሚባል ነገር አይተርፍም የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። መንበርከኩ ራሱ በ2020 በብዙ ሜዳዎች የተለመደ ሥርዓት ሲሆን ኃይሉ መላላቱ አልቀረም። ነገር ግን ይህች ደቂቃ የጋራ የምትሆነው በፊቷ እኩል የሚቆሙ ሰዎች ሲኖሩ ነው፤ ካፐርኒክም ይናገር የነበረው ስለዚሁ ነው። ደግሞስ መዝሙሩን ከምንም የማይቆጥር ሰው ሥራውን አደጋ ላይ ጥሎ በመዝሙሩ ሰዓት ለምን ይናገራል?

ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2021 ያወጣው መመሪያ ስፖርተኞች ውድድር ከመጀመሩ በፊት በሜዳ ላይ አቋማቸውን እንዲገልጹ ፈቅዷል፤ በሜዳሊያ አሰጣጥ ሥርዓት ላይ ግን ከልክሏል። በዚህ መመሪያ መሠረት ስሚዝና ካርሎስ ዛሬም ጥፋተኞች ናቸው። በመካከላቸው ሁለተኛ ሆኖ የቆመው አውስትራሊያዊው ፒተር ኖርማንም እጁን ሳያነሣ ደረቱ ላይ ባደረገው የሰብዓዊ መብት ባጅ ብቻ ሊጠየቅ ይችላል።