የአየር ማጣሪያን መለወጥ የማን ሥራ ነው?

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ረጅም መንገድ ከተጓዘ በኋላ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። ከተማይቱ የሁለት ታላላቅ ወንዞች መገናኛ ትሁን እንጂ ዙሪያዋ ደረቅና አሸዋማ ምድር ነው። በተለይም ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነጎድጓዳማ ደመና በሚነሣበት ጊዜ፥ ከደመናው ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬቱን እየጠረገ ይገሠግሣል፤ የላላውንም አቧራ ወደ ላይ ያነሣል። የአገሩ ሰዎች ይህን የአቧራ ማዕበል «ሀቡብ» ይሉታል። ማዕበሉ ከሩቅ ሲታይ ታላቅ ግንብ ይመስላል፤ ከፍታውም ከ1000 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በካርቱም የተደረገው ምልከታ እንደሚያስረዳው፥ ሀቡብ በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ያህል ይነሣ ነበር።

ሀቡብ ሲመጣ ሰው በሩንና መስኮቱን ይዘጋል፤ አፍና አፍንጫውንም ይሸፍናል። በሥራ ላይ ያለ የመኪና ሞተር ግን አየር ሳያስገባ ሊቆይ አይችልም። አንድ ሊትር ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ ወደ 9000 ሊትር የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ከአየሩ ጋር የሚመጣው የበረሃ አቧራ ኳርትዝ የተባለውን ማዕድን ይዟል። ኳርትዝ ደግሞ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7ኛውን ደረጃ የያዘ፥ ሲሊንደር ከሚሠራበት ብረት የጠነከረ ነገር ነው። ስለሆነም በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ከገባ እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት፥ ጉልበት ማጣትና ጭስ ማብዛት ይጀምራል። ይህን ጥፋት የሚከላከለው፥ በጋራዥ ቋንቋ ፊልትሮ የሚባለው፥ ከተጣጠፈ ወረቀት የተሠራ የአየር ማጣሪያ ነው።

ታዲያ ይህን ማጣሪያ መለወጥ የማን ሥራ ነው? ብዙ ባለመኪናዎች የመካኒክ ሥራ ነው ብለው ያምናሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ሥራው የባለመኪናው ነው የሚል ነው። ምክንያቱም ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው ረቂቅ ሙያ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

አሠራሩም የሚከተለው ነው። በቅድሚያ መኪናውን ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ማቆም፥ ሞተሩንም አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ማጣሪያውን የያዘውን ሣጥን መፈለግ ነው። የሣጥኑ ክዳን በብረት ማያያዣ ወይም በብሎን ስለሚታሰር፥ አንድ ካቻቪቴ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አሮጌው ማጣሪያ በየት በኩል ዞሮ እንደተቀመጠ ልብ ብሎ ቀስ አድርጎ ማውጣት ያሻል። ቀጥሎም ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ የሣጥኑን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው። በመጨረሻም የቱቦውን መሸፈኛ ማንሣት፥ አዲሱን ማጣሪያ የጎማ ጠርዙ በሁሉም በኩል እኩል እንዲያርፍ አድርጎ ማስቀመጥና ክዳኑን መዝጋት ነው። ጠርዙ በአንድ ጥግ እንኳ ቢነሣ አቧራው በዚያ ስለሚያልፍ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ይኖራሉ። አንዳንዶች «ሁሉም ሰው በቤቱ ከሠራ መካኒክ ምን ይበላል?» ይላሉ። ነገር ግን የመካኒክ እውነተኛ ሙያ የሚፈለገው ሞተር ሲፈታ፥ ፍሬን ሲበላሽና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ነው። ክዳን ከፍቶ ለመዝጋት ባለሙያን መጥራት የባለሙያውንም ጊዜ ማባከን ነው።

ሌሎች ደግሞ «አዲስ ከመግዛት ይልቅ አሮጌውን በኮምፕሬሰር አስነፍቶ መመለስ ይሻላል» ይላሉ። የኑሮ ውድነት የሚያስጨንቀው የታክሲ ነጂ ይህን ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ኃይለኛ የአየር ግፊት ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ሁኔታ ሊቀድደው ይችላል። ያን ጊዜ ማጣሪያው ንጹሕ መስሎ ቢታይም ማጣራቱን ያቆማል። በሌላ በኩል በመጠኑ አቧራ የያዘ ማጣሪያ ከአዲሱ ይልቅ ደቃቁን ትቢያ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በየዕለቱ እየከፈቱ መነካካት ትጋት አይደለም፤ የሚበጀው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለአቧራማ አገር የተመደበውን ጊዜ መጠበቅ ነው።

ጥቅሙንም ያለ ልክ ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ያደረገው ጥናት፥ በዘመናዊ መኪና ላይ የተደፈነ ማጣሪያ የመኪናውን መፈትለክ እንደሚቀንስ፥ የነዳጅ ፍጆታን ግን ያን ያህል እንደማይጨምር አሳይቷል። ነዳጅ የሚጎዳው ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪናዎች ላይ ነው። እንግዲህ ማጣሪያ የሚለወጠው በተለይ የሞተሩን ዕድሜ ለመጠበቅ ነው ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ጋራዥ ሁልጊዜ በአጠገብ አይገኝም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከተማይቱን ለቆ ወጥቷል። ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፥ ከፊሉ ወደ ግብፅ ድንበር፥ ከፊሉም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተጉዟል። እንዲህ ባለው በመቶ በሚቆጠር ኪሎሜትር በሚለካ ጉዞ የቤተሰብ ሕይወት በአንድ ሞተር ደኅንነት ላይ ይወድቃል። የሞተር ጤንነት ደግሞ የሚጠበቀው በጭንቅ ቀን ሳይሆን በሰላሙ ጊዜ በሚደረግ ጥቂት ጥንቃቄ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ስለዚህ መኪና መንዳት የሚማር ሁሉ መሪ መያዝን ብቻ ሳይሆን ኮፈን ከፍቶ ማጣሪያ መለወጥንም አብሮ ሊማር ይገባዋል።