የቤታችን ጉዳይ፦ የአፈር ጣራ
በትግራይ ህድሞና በሐረር የድንጋይ ቤት ጠፍጣፋ የአፈር ጣራ የተለመደ ነው። የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድ ይከላከላል። እህልም ይሰጣበታል። ጠላቱ ግን ውሃ ነው። ዝናብ በሚበዛበት አገር ቤት የምትሠሩ ሰዎች ዘቅዘቅ ያለውን ጣራ ምረጡ።

ጠፍጣፋ ጣራ ያላችሁ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ወጥታችሁ እዩት። ሣሩን ንቀሉ፤ በሥሩ በኩል ውሃ ይገባል። ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑና ጠቅጥቁት። አሸንዳውን ጥረጉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በየዓመቱ አፈር በአፈር ላይ መደረብ ጥገና አይደለም። አፈር ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እንጨቱም አይችለውም። መጀመሪያ የላላውን አፈር አውርዱ፤ ከዚያ አዲሱን አልብሱ። ተሸካሚው እንጨት ከጎበጠ ወይም ምስጥ ከበላው፣ እስኪለወጥ ድረስ ማንም ከሥሩ አይተኛ። ጣራው ልጆች በተኙበት ሌሊትም ሊወድቅ ይችላልና።