ስኳር በወጣትነት ሲጀምር ልብን አለመርሳት

«ገና ወጣት ነኝ፣ የእኔ ስኳር ቀላል ነው» የሚል ወሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየለቅሶ ቤቱና በየታክሲ ተራው እንሰማለን። ሐኪም ኪኒን ያዛል፣ ቁጥሩ ወረድ ሲል ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር በወጣትነቱ የያዘው ሰው ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ለልቡ ይበልጥ መስጋት ያለበት እሱ ነው።

በስዊድን ብሔራዊ የስኳር ሕሙማን መዝገብ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 «ሰርኩሌሽን» በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። እስከ 40 ዓመታቸው ድረስ ስኳር የተገኘባቸው ሰዎች በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ስኳር ከሌለባቸው እኩዮቻቸው አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ከ80 ዓመት በኋላ በተገኘባቸው አረጋውያን ላይ ግን ልዩነቱ በጣም ይጠብባል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በ35 ዓመቱ የጀመረው ሰው 65 ሲሞላው ከስኳር ጋር 30 ዓመት ኖሯል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የልብ ጡንቻ ቀስ በቀስ እየደረቀ ይሄዳል፣ የልብ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ጨውና ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ደረቱን አንድም ቀን ያልወጋው ሰው እንኳ ልቡ ደም በሚገባ መርጨት ሊያቅተው ይችላል።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ እስራኤል ይመልከት። ከኢትዮጵያ በገቡ ወጣት ወገኖቻችን ዘንድ ስኳር በብዛት እንደሚታይ «ዲያቤቲስ» የተሰኘው መጽሔት ገና እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎ ነበር። ሸንቃጣ መሆንም ዋስትና አይሆንም።

የልብ ድካም ሲጀምር ራሱን በግልጽ አያስተዋውቅም። የካልሲው ላስቲክ እግር ላይ ጥልቅ መስመር ያወጣል፣ ጠዋት የበቃ ጫማ ማታ አልገባ ይላል። በአንድ ትራስ የሚተኛው ሰው ሁለት ሦስት ይደራርባል፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ይነሳል። እኛ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ ስለዋልኩ ነው»፣ «ሁለት ሥራ ስለምሠራ ነው» እያልን እናልፈዋለን። ክብደት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ከጨመረ ስብ ሳይሆን ውሃ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪም ደውሉ።

ደግነቱ ቀድሞ ማወቂያ አለ። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የባለሙያዎች ሰነድ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ቢያንስ በዓመት አንዴ የልብን ጫና በደም የሚያሳይ ምርመራ እንዲያደርጉ መክሯል። ስሙ ቢኤንፒ ወይም ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይባላል። መድኃኒትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ስኳርም የልብና የደም ሥር ሕመምም ባለባቸው ሰዎች ላይ ኤምፓግሊፍሎዚን የተባለው ኪኒን በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን በ35 በመቶ ቀንሷል። ይህን ዓይነት ኪኒን የምትወስዱ ግን ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ከረጅም ጾም ጋር ሲገናኝ ደምን አሲዳማ የሚያደርግ አደገኛ ችግር ሊያመጣ ይችላል። በራሳችሁ ፈቃድም አታቋርጡት።

ሌላው ጠላታችን መደበቅ ነው። «ሰው እንዳይሰማ» እያልን ኪኒኑን ከቤተሰብ እንሰውራለን፣ በየድግሱም ይሉኝታ ይዞን ለስላሳውን እንጠጣለን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶች ይህን አይተው ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ 40 ዓመት ሳይሞላችሁ ስኳር ከተገኘባችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ የስኳሩን ቁጥር ሰምታችሁ ብቻ አትውጡ። «ልቤስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሰው አገር ሆናችሁ ቋንቋው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ጥያቄውን ይዛችሁ አትመለሱ።