ኮርቻው ሲሰምጥ ጉልበት ይከፍላል

በስደት አገር ብስክሌት ቅንጦት አይደለም። የአውቶቡስ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ለብዙ ወጣቶቻችንም ምግብ እያመላለሱ እንጀራቸውን የሚያገኙበት መሣሪያ ነው። ከእነዚሁ ልጆች አዘውትሬ የምሰማው ስሞታ አለ፦ ጠዋት ያስተካከሉት ኮርቻ ማታ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ይገኛል። ቀጥሎ የሚመጣው "ጉልበቴን አመመኝ" የሚለው ነው። ሁለቱ አንድ ስሞታ ሊሆኑ እንደሚችሉ ብዙዎች ልብ አይሉም።

ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት በየዙሩ ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ ጫናውም በጉልበት ፊት ላይ ያርፋል። ልኩን ለማግኘት ግድግዳ ተደግፋችሁ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፤ ፔዳሉን ወደ ታች አውርዳችሁ በተረከዝ ርገጡት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ከፍታው ደህና ነው። ወገባችሁ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ግን ኮርቻው በዝቷል።

አሁን ወደ መስመጡ እንምጣ። የእኛ ሰው የመጀመሪያ መድኃኒቱ ማጥበቅ ነው። ሁሉን ነገር በማጥበቅ ለመግዛት የሞከረ መንግሥት ከአንድ በላይ ስላየን ይሆን? ብቻ ቡሎኑ ጥርሱ እስኪላጥ ይጠብቃል፤ ኮርቻው ግን መውረዱን አይተውም።

እኔ የምለው፣ ከማጥበቅ በፊት ንቀሉት። መጀመሪያ ከፍታው እንዳይጠፋ የኮርቻውን ዘንግ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ አላልታችሁ፣ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አውጡት። ዘንጉንም የቱቦውንም ውስጥ በጨርቅ ጥረጉ፤ አሸዋና ያረጀ ቅባት ሲወጣ ታያላችሁ።

ቀጥሎ በዘንጉ የታችኛው ክፍል የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ብዙውን ጊዜ 27.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን በ0.2 ሚሊ ሜትር እየተበላለጡ የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። በሁለተኛ እጅ በተገዛ ብስክሌት ላይ ልኩ ያልሆነ ዘንግ ማግኘት ብርቅ አይደለም። የማሰሪያው ቀለበት ሁለት ጫፎች ተነካክተው ዘንጉ አሁንም ከተንሸራተተ፣ ወይ ዘንጉ ቀጥኗል ወይ ቀለበቱ ሰፍቷል። ክንድ ቢበረታም አያድነውም።

ልኩ ከሆነ ስስ ግራሶ ቀቡት። "ግራሶ ያንሸራትታል" ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። የአልሙኒየም ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ያለ ግራሶ ከከረመ ግን ውኃና የክረምት መንገድ ጨው አጣብቀው ያስቀሩታል። የካርቦን ዘንግ ብቻ ግራሶ አይነካውም፤ ለእሱ አሸዋማ የሆነ የራሱ ቅባት አለው። ለቡሎኑ ጥርስም ጠብታ አትንፈጉት። የማጥበቂያው ልክ ብዙ ጊዜ ቀለበቱ ላይ ተጽፏል። በእጅ የሚታጠፍ ማንሻ ከሆነ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ መክበድ መጀመር፣ ሲዘጋም መዳፍ ላይ ምልክት መተው አለበት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዘንጉ ላይ የተቀረጸው የከፍታ ወሰን መስመር ከቱቦው ውጭ ከታየ አትንዱ፤ ረዘም ያለ ዘንግ ግዙ። ከዚያ መስመር በላይ የተሳበ ዘንግ ሊሰበር፣ ቱቦውንም ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ያም መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ መካከል ነው።

ፕላስተሩን አታንሱት። በሳምንቱ ካለበት ካልተነቃነቀ ሥራው ሠምሯል። ወደ ቱቦው ከሰመጠ ግን ቀለበቱን ለውጡ፤ ቀለበት ይገዛል፣ ጉልበት አይገዛም።

ሳምንት ያገናኘን።