መንጃ ፈቃድ ነው ወይስ የመግደያ ፈቃድ?

ለመሆኑ በዚህች አገር ሰው መኪና መንዳት የሚማረው የት ነው? “ማሰልጠኛ ነዋ!” የሚለኝ አይጠፋም። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አይደለም። ማሰልጠኛ ውስጥ የሚማረው ፈተና ማለፍን ነው። መንዳትን የሚማረው ካለፈ በኋላ ነው፤ ብቻውን፣ በእኔና በእናንተ መካከል፣ ዜብራው ላይ፣ ከትምህርት ቤት በሚወጡ ሕፃናት መሀል። የመለማመጃ ደብተሩ እኛ ነን። ሲሳሳት የሚሰረዘው የሰው ስም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ራሷ ያመነችው የአንድ ዓመት የመኪና አደጋ ሟች 4,352 ሰው ነበር። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27 ሺህ በላይ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ! በዚያው ሪፖርት የተመዘገበው የአገሪቱ ተሽከርካሪ 708 ሺህ ገደማ ነው። እንግዲህ “መኪናው በዝቶ መንገዱ ጠቦን ነው” እንዳይሉን። ከሟቾቹ ትልቅ ድርሻ ያለውም መኪና የሌለው እግረኛ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው የፈጀው አዲስ ሾፌር ነው አልወጣኝም። ሕዝቡ “ቀይ ሽብር” ብሎ ስም ያወጣለት ገልባጭ አለ፤ ፍሬን የሌለው ሚኒባስ አለ፤ ጠጥቶ የሚነዳ አለ፤ መብራት የሌለው መንገድ አለ። ነገር ግን ዓለም ሁሉ የተስማማበት አንድ ሐቅ አለ፦ ሾፌር በዕድሜው ሙሉ ከሚነዳበት ጊዜ ሁሉ አደገኛው፣ ፈቃዱን አግኝቶ ብቻውን መንዳት የሚጀምርባቸው የመጀመሪያ ወራት ናቸው። አጠገቡ ልምድ ያለው ሰው ተቀምጦ ሲለማመድ አደጋው አነስተኛ ነው። ያ ሰው በወረደ ማግሥት ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ከዚያ በወራት ውስጥ እየወረደ ይሄዳል። የእኛ አገር አሠራር ደግሞ በዚያች በምትተኮሰው ቀን ምን ያደርጋል? ሙሉውን ካርድ ያስጨብጥና “በል መልካም መንገድ!” ይለዋል።

እስቲ ስለ አንድ ልጅ ላውጋችሁ። የእህቴ ልጅ ነው። የተማረበትን ቤት አልጠራም፤ ሌሎቹም ከእሱ የተሻሉ አልመሰሉኝምና። በአንድ ለማጅ መኪና አራት ሆነው ይወጡ ነበር። ሦስቱ ኋላ ተቀምጠው ስልካቸውን ሲነካኩ አንዱ ሃያ ደቂቃ ያህል መሪ ይጨብጣል። ያውም ምልክት በተተከለበት ሜዳ ላይ፦ ወደ ኋላ ማቆም፣ ዳገት ላይ ማስነሳት፣ ፍሬቻ ማሳየት። ማታ አልነዳም። ዝናብ ሲመጣ “ዛሬ ይቅር” ይባላል። ሐሙስ ዕለት መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ፤ ቅዳሜ ማታ አራት ጓደኞቹን ጭኖ ከከተማ ወጣ። ማን ከለከለው? ማንም! ሌላው ሰው በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሽቀዳደምበት መንገድ ላይ፣ በጨለማ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ፣ ኋላ ያሉት “ጋዝ ስጠው!” እያሉት ከጠርዙ ብረት ጋር ተላተመ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። አንዲቱ ልጅ ግን ትከሻዋ ተሰብሮ ሁለት ወር ተኛች። እናቷ እህቴን እስከ ዛሬ ድረስ አታናግራትም።

ዘመድ አዝማድ ሁሉ በልጁ ላይ ወረደበት። “ጥጋበኛ” ተባለ። ጥጋበኛም ይሁን! ግን ሌሊት፣ ፍጥነት፣ የጓደኛ ጭነት፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ገጥመውት አያውቁም ነበር። በአንድ ምሽት ሦስቱንም የፈቀደለት ማነው? እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በሽታ አይተው መድኃኒት ካበጁለት ቆይተዋል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 መንጃ ፈቃድን በሦስት ደረጃ ከፈለችው። መጀመሪያ የለማጅ ነው፤ ልምድ ያለው ሾፌር አጠገብህ ካልተቀመጠ መኪናውን አታንቀሳቅስም። ቀጥሎ የተገደበው ይመጣል፤ ብቻህን ትነዳለህ፣ ነገር ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ ብቻህን መንገድ አትወጣም፣ እንዳሻህም ሰው አትጭንም። ሙሉው የሚሰጥህ ይህንን በሰላም ካለፍክ ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1996 ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ጠንካራ ገደብ ባወጡት ክፍለ ግዛቶች የ16 ዓመት ሾፌሮች ሰው የሚሞትበት አደጋ በ38 ከመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያ መንገድ አልተቆፈረም፣ ድልድይ አልተሠራም፤ የተጻፈው ሕግ ብቻ ነው!

ይህንን ወገኖቻችንም በሚገባ ያውቁታል። ሜሪላንድ ያለ ሐበሻ አባት፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጁ ፈቃድ እንዲያገኝ 60 ሰዓት አብሮት ተቀምጦ አስነድቶ፣ ከዚያም ውስጥ 10 ሰዓቱ በማታ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ቨርጂኒያ ያለው 45 ሰዓት፣ 15ቱ በጨለማ። እስራኤል ያለው ቤተሰብ አዲሱን ወጣት ሾፌር ለሦስት ወር ቀንም ሌሊትም፣ ለሦስት ወር ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይሸኘዋል። (ያው አባት ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሲመጣ ለወንድሙ ልጅ የመኪና ቁልፍ አቀብሎ “ና ቦሌ ድረስ አድርሰኝ” ሲል ሰምቻለሁ። እዚያ የሚፈራው ሞት እዚህ ሲደርስ የሚያፍር ይመስል!)

“የእኛዎቹ የ16 ዓመት ልጆች አይደሉም፣ አዋቂዎች ናቸው” የሚል መልስ ይጠብቀኛል። ደግ። ጀርመን ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያገኝን ሰው ሁሉ፣ የ40 ዓመት ጎልማሳም ቢሆን፣ ሁለት ዓመት በሙከራ ነው የምታቆየው። እንግሊዝ ውስጥም በሁለት ዓመት 6 የቅጣት ነጥብ የሞላበት አዲስ ሾፌር ፈቃዱን ይነጠቅና እንደገና ከለማጅነት ይጀምራል። ልምድ ማጣት ጺም በማብቀል አይድንም።

ስለ ሥልጠና ደግሞ አንድ እውነት ልናገር፤ የማሰልጠኛ ባለቤቶች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ሥልጠና ሲባል ሁሉ ሥልጠና አይደለም። ኖርዌይ አንድ ጊዜ አዲስ ሾፌሮችን በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መኪና መቆጣጠርን የግድ አስተማረች፤ ውጤቱ ሲጠና የወጣት ወንዶቹ አደጋ ጨምሮ ተገኘ። ለምን? “እኔ እኮ እችላለሁ” የሚል ልብ ይዘው ወጡ። በሌላ በኩል በአሜሪካ ነብራስካ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ መደበኛ የመንጃ ትምህርት ያልወሰዱ ወጣቶች ከወሰዱት ይልቅ የመቁሰልና የሞት አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድላቸው በ24 ከመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ አይጣሉም። ብልሃትን ብቻ የሚያስተምር ትዕቢት ያወርሳል፤ አደጋን ቀድሞ ማየት የሚያስተምር፣ ከኋላውም ገደብ ያለው ሥልጠና ነፍስ ያተርፋል። ሜዳ ላይ እንጨት እንዳይነካ የሠለጠነ ልጅ የሚያውቀው እንጨት አለመንካትን ነው። እንጨት ደግሞ ከቆመ ታክሲ ጀርባ ሮጦ አይወጣም!

ጎበዝ፣ ደረጃ በደረጃ መውጣት ለእኛ የፈረንጅ ነገር መስሎ እንዳይታየን። የትናንቱን ረዳት አስታውሱ። ታኮ ይዞ ከከባዱ መኪና ኋላ እየሮጠ፣ ጎማ እየፈታ፣ ዘይት እየለካ፣ ሌሊት ሾፌሩ እንቅልፍ እንዳይወስደው እያጫወተ ዓመታት ያሳልፋል። መሪውን የሚያገኘው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ጭር ባለ ሜዳ ላይ፣ አለቃው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነው። መንጃ ፈቃዱም በደረጃ ነበር፤ “ሁለተኛ”፣ “ሦስተኛ”፣ “አምስተኛ” እያልን የምንጠራው። አምስተኛ ያለው ሰው ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ ይከበር ነበር። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 600 ወጣና ምድብ መጣ፤ በ2010 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1074 ተተካ። አዋጅስ አላነሰንም። እኔ የምከራከረው ወረቀት ላይ ስላለው ሳይሆን መንገድ ላይ ስለማየው ነው። እስቲ ከእናንተ መካከል ማታ በአራት ሰዓት “አዲስ ሾፌር ነህ፣ ወደ ቤትህ” ተብሎ የተመለሰ ሰው ያየ አለ? እኔ አላየሁም።

ሁለት ክርክር ይቀራል። አንደኛው “የቤተሰብ መኪና የሌለው ድሃ ልጅ ከማን ጋር ይለማመዳል?” የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ገደቡን መተው አይደለም፤ ማሰልጠኛዎቹ ሰዓቱን በእውነተኛ መንገድ ላይ፣ ግማሹን በማታ እንዲሰጡ ማስገደድ ነው። ለአራት ሰልጣኝ አንድ መኪና አሰልፎ ሙሉ ክፍያ መቀበል ይቁም። እንጀራው ሾፌርነት የሆነም ቢሆን ቀን ቀን እየሠራ ስድስት ወሩን ይሞላል።

ሁለተኛው የበለጠ ያስፈራኛል፦ “ገደብ ካወጣችሁ ለትራፊክ ፖሊሱ ሌላ የመብያ በር ትከፍቱለታላችሁ።” ይህን የሚሉት ሾፌሮች ናቸው፣ ልምዳቸውም ያውቃል። ስለዚህ ገደቡ በመንገድ ዳር ድርድር የሚወሰን መሆን የለበትም። ፈቃዱ ላይ ቀኑ ይታተም፤ የመኪናው የኋላ መስታወት ላይ ከሩቅ የሚታይ የአዲስ ሾፌር ምልክት ይለጠፍ፤ ቅጣቱ ገንዘብ ሳይሆን የገደቡ ጊዜ መራዘም ይሁን። ገንዘብ የሌለበት ቅጣት የሚበላ ነገር የለውም። ምልክቱ ደግሞ ለፖሊሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ከኋላው ስደርስ ክላክስ ከማንባረቅ ይልቅ ትንሽ እንድርቅለት ነው።

ለሚመለከታቸው ክፍሎች የምለው ይህ ነው። ስድስት ወር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻውን አይንዳ፤ ከአንድ ሰው በላይ አይጫን፤ መጠጥ ጠብታ አይቅመስ። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ ብድር አይጠይቅም፣ አማካሪ ከውጭ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ቁራጭ ተለጣፊ ወረቀት ነው። እሱንም ሾፌሩ ራሱ ይገዛዋል።